ለመስቀል የተቀጠረው ዩኒቨርስቲ

አንድን ወጣት ድራሹን ማጥፋት ከፈለጋችሁ ጠላት አታስነሱበት፤ ድካም ነው። ሁለት ጥሩ ነገር አቅርቡለትና «ምረጥ!» በሉት። ያም ካልበቃው የሚመክሩት ሽማግሌዎች ሰብስቡለት። በቃ… አለቀለት!

«ኧረ ባክህ! ምክር ደግሞ ማንን ገደለ?» ትሉኝ ይሆናል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? እኔ እምቢ ሳልል ነው ሁለቱም ተያይዘው የመጡብኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ያኔ ጸጉር ነበረኝ። (አትሳቁ! ፎቶግራፍ አለኝ።) የቡታጅራ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አዲስ አበባ በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ መምህርነት እማር ነበር። ሁለቱን ዓመት የጨረሰ ዲፕሎማውን ይዞ፣ ከረባቱን አስሮ፣ አስተማሪ ይሆናል። እኔ አንደኛውን ዓመት ጨርሼ ክረምቱን አገሬ ገብቼ ቆጮና አይብ እያጣጣምኩ ሳለ፣ ዓመቱ ሊብት ሲል ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣልኝ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ውጤትህ ጥሩ ስለሆነ፣ ከፈለግህ አሁኑኑ ወደ ዩኒቨርስቲ ተዛውረህ ሕግ መማር ትችላለህ። ካልፈለግህም እዚሁ ሁለተኛውን ዓመት ጨርሰህ፣ ዲፕሎማህን ይዘህ፣ ጥቂት ዓመት ካስተማርክ በኋላ እንደገና ማመልከት ትችላለህ። ለመዛወር ከወሰንክ ግን ይህን ቅጽ ፈርመህ እስከ መስከረም አሥራ ስምንት ቀን ለዩኒቨርስቲው መዝገብ ቤት ኃላፊ በእጅህ አስረክብ፤ ኃላፊው ማኅተም ካላሳረፈበት ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አያችሁልኝ? ሁለት ጥሩ ነገር!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሕግ መማር ያንገበግበኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሽማግሌ በተቀመጠበት ሁሉ ከአጥር ጀርባ ተለጥፌ ክርክር ስሰማ ነው ያደግሁት። ግን ደግሞ እፈራለሁ። ዩኒቨርስቲ የሚባለው ነገር ተማሪውን በመስከረም አስገብቶ በገና ያባርራል ይባል ነበር። «መስቀልን ተማሪ ሆኖ የበላ፣ ገናን ገበሬ ሆኖ ይበላል» እያሉ ያስፈራሩናል። ስለዚህ ቀን ቀን እሄዳለሁ ስል እውላለሁ፤ ሲመሽ ዲፕሎማዬ ይናፍቀኛል። ገና ያልያዝኩት ዲፕሎማ!

ደብዳቤውን ለአባቴ አነበብኩላቸው።

«ዝውውር?» አሉ አባቴ ደንግጠው። «ምን አጥፍተህ ነው?»

አይፈረድባቸውም። በእኛ ወረዳ ሲዛወር የሚታወቀው ፖሊስ ብቻ ነው፤ እሱም በግ የበላ እንደሆነ። እንደምንም አስረዳኋቸው። ረጋ ብለው አዳመጡኝና ጉሮሯቸውን ጠርገው ወሰኑ።

«መስቀል ሲገባ ይታያል።»

ጉራጌ ያልሆናችሁ አንባቢዎቼ ይህችን ቃል እንደ ዋዛ ልታልፏት ትችላላችሁ። እንዳትሞክሩት! በእኛ ዘንድ ሚስት የምትታጨው ለመስቀል፣ የተጣላ የሚታረቀው ለመስቀል፣ የድንበር ክርክር የሚያልቀው ለመስቀል ነው። ለምን ቢባል፣ ሰው ሁሉ ካለበት ተጠራርቶ የሚገባው ያኔ ነዋ! ለመስቀል አገሩ ያልገባ ጉራጌ ወይ ሞቷል ወይ ታስሯል። ስለዚህ «መስቀል ሲገባ ይታያል» ማለት ለእኛ «ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ተላልፏል» ማለት ነው።

ጥሩ፤ መስቀል ገባ። አጎቴ ጋሼ ደግፌ መርካቶ ያለውን ሱቁን ዘግቶ፣ ስኳርና ሳሙናውን ጭኖ መጣ። እሱ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እንደ ነጋዴ ይናገራል፣ እንደ ነጋዴም ይቸኩላል። መስከረም አሥራ አራት ቀን፣ ከቤቶቻችን ፊት በተዘረጋው ሰፊ ሣር፣ በጀፎረው ላይ፣ ሽማግሌዎች ተቀመጡልኝ። አባቴ አሉ፣ አጎቴ አለ፣ የበርበሬ ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ ከድር አሉ፤ ሌሎችም ሦስት ነበሩ። ሦስቱን አልዘረዝርላችሁም፤ መጨረሻ የተናገረው ሰው ማንም ይሁን ማን «ልክ ነው» የሚሉ ናቸው።

አባቴ ጀመሩ።

«ሁላችንም እንሰት ስንተክል ያደግን ነን» አሉ። «ችግኙ በጊዜው ይነቀላል፣ ይተከላል። ዓመቱን ጠብቆ እንደገና ይነቀላል፣ እንደገና ይተከላል። ያለ ጊዜው የነቀሉት ግን ሥር ሳይዝ ይበሰብሳል። ይህ ልጅ እዚያ ኮሌጅ ከገባ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ዲፕሎማውን ይያዝና ከዚያ ይነቀል።»

«ልክ ነው!» አሉ ሦስቱ።

«ወላሂ፣ የእንሰቱስ ልክ ነው» አሉ ሐጂ ከድር። «የበርበሬውንስ ምን ልናደርገው ነው? የበርበሬ ችግኝ መደብ ላይ ከቆየ አንገቱ ይረዝማል እንጂ አያፈራም። ይህን ልጅ እዩት እስቲ… አንገቱ ረዝሟል።»

ስድስቱም አንገቴን አዩት። እኔም ሳላስበው ዳበስኩት።

«ልክ ነው!» አሉ ሦስቱ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ልጁ አትክልት አይደለም!» አለ ጋሼ ደግፌ። «ገዢ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ‘ስጠኝ’ ሲል ‘ከርሞ ና’ ይባላል? ዩኒቨርስቲው ዛሬ ጠራው፤ ዛሬ ይሂድ!»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ አባቴ።

«በብብቱ ምን አለና ነው የሚጥለው? ዲፕሎማውንም ገና አልያዘው!»

«ይይዘዋላ!»

«ዩኒቨርስቲውንም ይይዘዋላ!»

ከዚህ በኋላ ያለውን ባልነግራችሁ ይሻላል። ክርክሩ ከኔ ወደ እንሰት፣ ከእንሰት ደግሞ «አምና የማን እንሰት ነው የበሰበሰው?» ወደሚል ዞረና አንድ ሰዓት ሙሉ ስሜ ሳይነሳ ቀረ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ሣር እነጫለሁ። በመጨረሻ ሐጂ ከድር አዘኑልኝ መሰለኝ ወደኔ ዞር አሉ።

«ባለጉዳዩስ ምን ይላል? ተናገር እንጂ፣ ሽብሩ።»

ይኸውላችሁ! ዕድሉ በእግሩ መጣ። ስንት ሌሊት ለትራሴ የተናገርኩት ንግግር ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ… ስድስት ሽማግሌ… አሥራ ሁለት ዓይን…

«እኔማ… እናንተ እንዳላችሁ» አልኩ።

ሕግ ሊማር ያማረው ሰው! ጠበቃ! ለራሱ እንኳ አንዲት ቃል መሟገት ያቃተው ጠበቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«የጨዋ ልጅ!» አሉ ሽማግሌዎቹ ተደስተው። ከዚያም ሥርዓቱ እንደሚያዘው፣ ሁሉም አንድ ቃል ካልሆኑ አይወሰንምና ነገሩ ተቀጠረ። ለመቼ? ለከርሞ መስቀል! መርቀውኝ፣ ሣሩን ከልብሳቸው አራግፈው፣ ስለሚታረደው በሬ እያወሩ ተነሡ። ዩኒቨርስቲው የሚጠብቀኝ አራት ቀን ብቻ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ እኮ! «ይጠብቃላ፣ ምን አስቸኮለው?» ነው ያሉት።

በማግስቱ ማለዳ እናቴ ከጓሮ እንሰቱ መሀል ጠራችኝ። ኮባ እየቆረጠች ነበር።

«አንተ ልጅ፣ የምርህን ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«መሄድ።»

«ታዲያ አትሄድም እንዴ? አፍህን ቢሰፉት እግርህን አልሰፉት!»

«አባባስ?»

«የአባትህን ነገር ለኔ ተወው። ብቻ ለእርዱ ድረስ። ነገ በሬው ሲታረድ ከሌለህ እኔም አላውቅህ!»

ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ብብቴ ሥር ወሸቀችልኝ። እግሬ አውጪኝ ብዬ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ።

እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት አውቶቡሶች ሰው በመስኮት፣ ሰው በበር፣ ሰው በጣሪያ ሆነው ይገባሉ። በግ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ጃንጥላ አለ፤ እልልታው ለጉድ ነው። ያወርዱና ባዷቸውን ለሌላ ጭነት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ባዷቸውን ስላችሁ ባዷቸውን! አንዱ ላይ ልወጣ ስል ሾፌሩ አስቆመኝ።

«ወዴት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«ከአዲስ አበባ ነው እንጂ የሚመጣው!»

«እኔ ወደዚያ ነኝ።»

ሾፌሩ ረዳቱን አየው፤ ረዳቱ እኔን አየኝ።

«ጉራጌ አይደለህም?» አለ ረዳቱ።

«ነኝ።»

«ማን ሞተብህ?»

«ማንም አልሞተብኝም።»

«እ…» አለ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታዲያ ማንን ገደልክ?»

በስንት መሐላ አሳፈሩኝ። ጭልጥ ያለ ባዶ አውቶቡስ! «የፈለግህበት ተቀመጥ» አሉኝ፤ ምነው ባላሉኝ! እንደ ልማዴ መምረጥ አቅቶኝ ጥያ እስክንደርስ አራት ወንበር ቀያየርኩ።

ጥያ ላይ መንገዱ በጭቃ ጠቦ ወደ ቡታጅራ ከሚወርድ አውቶቡስ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥን። የሰፈራችን ሰዎች አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ያ ሽብሩ አይደለም እንዴ? ሽብሩ! ምን ሆናችሁ?»

«ምንም!» ብዬ ጮህኩ።

አያችሁ ስህተቴን? በእኛ አገር «ምንም» የሚባለው ትልቅ መርዶ ሲኖር ነው። አንዲት ሴትዮ ወዲያው ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሌላዋ «ውይ ልጄን! ምነው በመስቀል?» ስትል ሰማኋት። ላስረዳ ብነሣ አውቶቡሳቸው ጭቃውን እየረጨ አለፈን። መርዶው ከኔ ወደ ቡታጅራ፣ እኔ ወደ አዲስ አበባ።

ከሰዓት በኋላ ደርሼ ቀጥታ ወደ ዩኒቨርስቲው ሮጥኩ። በሩ ላይ አንድ ጠና ያሉ ዘበኛ ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ፈልጌ ነበር።»

«አቶ ለማን? የሉም።»

«ነገስ?»

«ነገም የሉም። አገራቸው ገብተዋል።»

«አገራቸው ወዴት ነው?»

«ቡታጅራ።»

ቆጮዬ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እሺ… ማኅተሙን የሚመታልኝ ሌላ ሰው የለም?»

«ማኅተሙን ኪሳቸው ከተው ነው የሄዱት። ቁልፉንም። ለሰው አያምኑም።»

«እስከ አሥራ ስምንት እኮ ነው የተባለው!»

«እኔም እንደሱ ብያቸው ነበር። ‘ደግሞ በመስቀል ማን አዲስ አበባ ይቀራል!’ አሉኝ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

ዘበኛው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ… ቅቤው ሲያልቅ ነዋ።»

አሁን እስቲ ፍረዱኝ! ሌላው ይሳሳት፤ የጎንደር ልጅ ቢሆን፣ የሐረር ልጅ ቢሆን ይቅር ይባላል። እኔ ጉራጌ ተወልጄ፣ ጉራጌ አድጌ፣ ጉራጌ በመስቀል ሳምንት ቢሮው ይገኛል ብዬ ባዶ አውቶቡስ ልሳፈር? በራሴ አፈርኩ። እዚያው የድንጋይ አጥሩ ላይ ቁጭ ብዬ የእናቴን ቆጮ ስበላ፣ እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ እንባዬ መጣ። ዩኒቨርስቲውን ከውጭ አየሁት፤ ዛፉ ብቻ ያስጎመጃል። ለካ ምን ያህል እንደምፈልገው ያወቅሁት በሩ ላይ ሆኜ ሲያመልጠኝ ነው።

ያን ዕለት ኮሌጁ ማደሪያ አደርኩና በማግስቱ ማለዳ ወደ ቡታጅራ ተሳፈርኩ። ተሳፈርኩ ስል፣ ጣሪያ ላይ ነው። በአንድ ጎኔ ፍራሽ፣ በሌላው ጎኔ አንዲት አኩራፊ ፍየል። ጥያን አልፈን ትንሽ እንደሄድን፣ ባዶ አውቶቡስ ከፊታችን መጣ። አንድ ተሳፋሪ ብቻ አለበት። አፍጥጬ ባየው… ጋሼ ደግፌ!

«ጋሼ! ወዴት ነው?»

«ሱቁ ሙሉ በሙሉ ነው የተቃጠለው?» አለኝ በመስኮት፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ።

«የምን ሱቅ? ኧረ ምንም…»

አውቶቡሶቹ ተላለፉ። አሁንም «ምንም» ላይ ነው የቆረጥኩት! ምን ዓይነት ምላስ ነው የሰጠኝ?

ቤት ስደርስ በሬው ታርዶ አልቋል። ነገሩን እናቴ በጥድፊያ ነገረችኝ። የጥያዋ ሴትዮ ቡታጅራ ገብታ «ሽብሩ በባዶ አውቶቡስ እያለቀሰ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁት» ብላለች። ማታውን ሰፈሩ ተሰብስቦ ማን እንደሞተ ቆጠረ፤ የሁሉም ሰው ዘመድ ለመስቀል ገብቷልና አዲስ አበባ የሚሞት ሰው ጠፋ። «እንግዲያው ሰው ካልሆነ ሱቅ ነው» ተባለ። ምስኪኑ አጎቴ ክትፎው ተከትፎ ሳያልቅ፣ ጉርሻዋን እንኳ ሳይቀምስ ተነሥቶ በረረ። ያንን መስቀል መርካቶ፣ ከደህናው ሱቁ ፊት፣ ዳቦ በሻይ እየበላ ዋለ። እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም።

አባቴስ? ቢቆጡኝ፣ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። የኔን ድርሻ ክትፎ በኮባ ላይ አድርገው በገዛ እጃቸው አቀረቡልኝና ሄደው ሌላ ጥግ ተቀመጡ። ያለ ፈቃዳቸው ወጥቼ፣ እርዱ አምልጦኝ፣ አጎቴን አባርሬ፣ ቅጹም እንዳለ ኪሴ ውስጥ! ከዚህ በላይ ምን ኪሳራ አለ?

በማግስቱ የመስቀል ዕለት ነው፤ መስከረም አሥራ ሰባት። አንድ ቀን ቀርቶኛል። አባቴና ሐጂ ከድር በማለዳ «ሽምግልና አለብን» ብለው ወጥተዋል። እኔ ደግሞ የአቶ ለማን ቤት እየጠየቅሁ፣ እያጠያየቅሁ፣ ከገበያው ማዶ አገኘሁት። ከቤቱ ፊት ሣሩ ላይ ሽማግሌዎች በክብ ተቀምጠዋል። መሀላቸው ጋቢ የለበሰ፣ ግንባሩ እስከ ማጅራቱ የደረሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከሽማግሌዎቹ መሀል ማንን ባይ ጥሩ ነው? አባቴን! ከጎናቸው ሐጂ ከድርን!

የኔን ጉዳይ እዚህ ድረስ አምጥተው የሚያዩት መሰለኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ እኮ…»

«ቁም! ያንተ አይደለም» አሉ ሐጂ ከድር እየሳቁ። «የአቶ ለማ ነው።»

«ምን ሆነው ነው?»

«እንዳንተው ነዋ! ከዚያው ኮሌጅ ደብዳቤ መጥቶለት ነበር። አሁን ወደ ዩኒቨርስቲ ልዛወር ወይስ ዲፕሎማዬን ልጨርስ ብሎ ለሽማግሌ አቀረበ።»

«መቼ?»

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት።»

አልዋሸኋችሁም! በየመስቀሉ ይቀመጣሉ፣ በየመስቀሉ ይለያያሉ። አቶ ለማ በዚህ መሀል ዲፕሎማውን ያዘ፣ አስተማረ፣ አገባ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነ፣ ጸጉሩም ሄደ። ጉዳዩ ግን እንደተከፈተ ነው። ዘንድሮ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አርፈው ስለነበር በእሳቸው ቦታ አባቴ ተጠርተው ነው የመጡት።

ቅጹን አወጣሁ። አቶ ለማ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ጋቢው ሥር ገብቶ በመሐረብ የተጠቀለለ ማኅተም አወጣ። «ሃ…» ብሎ ተነፈሰበት። ሊመታው ሲል እጁ አየር ላይ ቆመ።

«የሽማግሌ ቃል አለህ?»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ በትራቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ሽብሩ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን ስትጠየቅ ‘እናንተ እንዳላችሁ’ አልክ። በነጋታው ያላልነውን አደረግህ። ሰው ነገሩን በአፉ እንጂ በእግሩ ይናገራል?»

«ፈርቼ ነው፣ አባባ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ። ግን መሄድ እፈልጋለሁ። በገና ብባረርም መሄድ እፈልጋለሁ። ሳልሄድ ቀርቼ ‘ብሄድ ኖሮ’ እያልኩ መኖር ግን አልችልም።»

እንዲህ ብዬ መናገሬን ራሴም አላመንኩም። ሐጂ ከድር «አላሁ አክበር፣ ለካ አፍ አለው!» አሉ።

አባቴ ቀና ብለው አቶ ለማን አዩት። ጋቢውን አዩት፣ መላጣውን አዩት።

«ለማ፣ ያን ደብዳቤ ስትቀበል ዕድሜህ ስንት ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ይኸም አሥራ ዘጠኙ ነው» አሉ አባቴ ቀስ ብለው። ከዚያ በትራቸውን መሬት ላይ ወጋ አደረጉና «ምታለት!» አሉ።

ጧ! ስንት ቀን ስሮጥለት የከረምኩት ነገር በአንድ «ጧ» አለቀ። ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። አባቴ ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ፣ «በገና ተባረህ ብትመጣም ቤትህ ነው። ጎመን ግን ነው የምትበላው!» አሉኝ። ደግነቱ በገና አልተባረርኩም፤ በፋሲካ ነው ለጥቂት የተረፍኩት።

አቶ ለማ እስከ አጥሩ ሸኘኝ። ማኅተሙን መልሶ እየጠቀለለ ነበር። አሳዘነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማኅተሙ በኪሱ፣ ጉዳዩ በሽማግሌ እጅ!

«የእርስዎስ ነገር እንዴት ሊሆን ነው?» አልኩት።

«የኔማ ተቃርቧል!» አለኝ ፊቱ በርቶ። «ዘንድሮ ተመስገን ነው። ‘ይዛወር’ ብለው ሁሉም አንድ ቃል ሆነዋል። ከአንድ ሰው በቀር።»

«አንድ ሰውማ ምን አላት! እንደምንም ታሳምኗቸዋላችሁ። ማን ናቸው እሳቸው?»

አቶ ለማ ዘወር ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ አየና ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለ።

«አባትህ።»